ከዘጠኙ ሥር

ፒያሳ ላይ፣ ከሰዓት አዳሹ ጎን፣ ከደረጃው በታች፣
አንድ ሰው ቢቆምባት ለሁለተኛው የማትበቃ ሱቅ አለች።
ውስጧ ሚዛን፣ ከሚዛኑ ሥር ጨርቅ፣ ከጨርቁ ላይ ብር፤
ወረቀቱ አይደለም፤ የጥንቱ፣ ድንጋይ ላይ ሲጥሉት የሚናገር።

ቅዳሜ ከሰዓት። ረዳቱ ይጮኻል፤ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!»
ጋሽ ስንሻው ግን የለም፤ ሄዷል፣ አጉሊ መነጽሩ ላይ ጎንበስ ብሎ።

«እንዳትወለውላት!» አለኝ ገና ሳነሣት፤ ይህ ነበር ሰላምታው።
«አመድና ሎሚ የጠገበች ብር ምን ተርፏት ልታወጋው?
ጥቁረቷ ዕድሜዋ ነው፤ ተዋት።
ይልቅ ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጋት፤
የፊት መብራት ያሞኛል፤ ብርሃን በጎን ሲመጣ ነው የሚያጣራው፤
ሰውም እንዲሁ ነው፤ ከጎኑ ስትቀመጥ ነው የሚያወራው።»

ዘንበል አደረግኳት።
በአንዱ ፊቷ ዘውድ፣ በሌላው አንበሳ፣
በስንት አውራ ጣት ታሽቶ ጎፈሩ የሳሳ፤
ከዘውዱ በታች ዓመተ ምሕረት፣ በግዕዝ አኃዝ፣
ከላይ ሰረዝ፣ ከታች ሰረዝ፤
መጨረሻው ፱።

«ምን አየህ?» «ዘጠኝ።» «ድገም።» «ዘጠኝ።»
«የሚጠብቅህ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ።

በሦስተኛው ቁጥሩ ነቃ።
ከዘጠኙ ሆድ አንዲት ክርን ወጣች፣ ክር የምታህል፣ ደቃቃ።
ሰባት።
የኪራይ ቀን ከበር ኋላ ትንፋሹን ይዞ እንደ ቆመ ተከራይ፣ ሰባት።

ጋሽ ስንሻው ሳቀ። «የማተሚያው ብረት ውድ ነው፤
ዓመት በተለወጠ ቁጥር አዲስ ማን ይቀርጻል?
ቀራጩ የከረመውን አንሥቶ፣ በሰባት ላይ ዘጠኝ ይቀጠቅጣል፤
ሰባት ግን አንዴ ብረት ውስጥ ገብቷል፤ ወዴት ይሄዳል?
ሰንበር ሁሉ ደግሞ ቁጥር አይምሰልህ፤
ጭረት ሸለቆ ነው፣ እውነተኛው ሸንተረር፤ በዓይንህ ዳብሰህ
ለየው። ጠገራዋን ግን ተዋት፤ እሷ እንደ ሚስቴ ናት፤
ዕድሜዋን አንዴ ተናግራለች፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆጥራት?»

እኔ አልሳቅኩም። ብሯ መዳፌ ላይ ሞቃለች።

የእኔም የቀበሌ መዝገብ ሃምሳ ዘጠኝ ይላል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፤
ከሥሩ ሃምሳ ሰባት አለ፣ ጥቁር፣ በጀርባው ተኝቶ።
ብሔራዊ ውትድርና በየበሩ ስም ሲጠራ፣
እናቴ ጥሩዬ ጸሐፊው ቤት ሄደች፣ በማታ፣ የጎረቤት ውሻ ሳትፈራ።
ምን ሰጥታው እንደ ተመለሰች አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኩም።
ከዚያ ወዲያ አንገቷ ላይ ከማተቧ በቀር ያየሁት የለም።

የጎረቤታችን ልጅ ሽመክት ንጹሕ ሰባት ነበር፤
ስርዝ የለ፣ ድልዝ የለ፤ ገና እንደ ታተመ የሚያበራ ቁጥር።
በጭነት መኪና ከለገሃር ወሰዱት።
የለበሰውን ሹራብ እኔ ነበርኩ ያዋስኩት።

ዘንድሮ መሥሪያ ቤቴ «ለጡረታ አንድ ዓመት ይቀርሃል» ይለኛል፤
ጉልበቴ ግን ሰባቱን ያውቀዋል፣ ደረጃ ላይ ይነግረኛል።

«ትገዛታለህ?» አለ ጋሽ ስንሻው። «ንጹሕ ዘጠኝ ብትሆን ግማሽ ነበር ዋጋዋ፤
የሚያስወድዳት ያ ነው፤ አልጠፋ ያለው ጠባሳዋ።»
የደመወዜን እኩሌታ ቆጠርኩለት፤
እሷን በመሐረብ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ከተትኳት።

ቸርችልን ቁልቁል ስወርድ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር፤
የአንድ ሱቅ ስም ታየኝ፣ ድሮ የተዘጋ፣ ከግድግዳው አዲስ ቀለም ሥር።
እኔንም በጎን መታችኝ።
አላጎነበስኩም፤
የሚያይ ካለ ይየኝ።